ታይምዞንና ዴይላይት ሴቪንግ በኮድ ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ሆነው ለውጭ ደንበኛ ኮድ የሚጽፉ፣ ወይም አፓቸው ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም የሚከፈት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። 14:00 ተብሎ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ "ከቀኑ 8 ሰዓት" የተባለው የኛ።

ዩቲሲ ምንድን ነው? ከጂኤምቲ ጋር አንድ ነው?

ዩቲሲ ዓለም ሁሉ ሰዓቱን የሚያሰላበት መነሻ ነው። ወቅት አያውቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች፣ ዱባይ በ4። ኒው ዮርክ ደግሞ በብርዱ ወራት በ5፣ በሙቀቱ ወራት በ4 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች።

ለተለመደ ፕሮግራም ዩቲሲና ጂኤምቲ (የግሪኒች ሰዓት) አንድ ናቸው ብላችሁ ብትይዙ ምንም አይጎድልባችሁም። ጣጣው የሚመጣው ጂኤምቲና ለንደን ሲምታቱ ነው። ለንደን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ጂኤምቲን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። "የለንደን ሰዓት" ለማለት ጂኤምቲን የመረጠ ሰው እንግዲህ ከዓመቱ ውስጥ ሰባቱን ወር ይሳሳታል።

ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። ታዲያ ዴይላይት ሴቪንግ (በሙቀቱ ወራት ሰዓትን በ1 ሰዓት ወደፊት መግፋት) እኔን ምን አገባኝ?

እኛ ባንቀይር አብረውን የሚሠሩት ይቀይራሉ። ኒው ዮርክ ያለ ደንበኛ "በየሳምንቱ ማክሰኞ 10:00 ላይ እንገናኝ" ቢላችሁ፣ በጃንዋሪ ለእናንተ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በጁን ግን ከቀኑ 11 ሰዓት። እሱ ምንም አልቀየረም፤ ለእሱ ሁሌም 10:00 ነው። ካላንደራችሁ ውስጥ 18:00 ብላችሁ በእጅ የመዘገባችሁት እናንተ ናችሁ የምትዘገዩት።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን አለመቀየራቸው ነው። በ2026 አሜሪካ ማርች 8 ቀን ትቀይራለች፣ እስራኤል አርብ ማርች 27፣ አውሮፓ እሁድ ማርች 29። በመመለሻው ጊዜ እስራኤልና አውሮፓ ኦክቶበር 25፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1። ስለዚህ በነዚያ መሃል ባሉ ሳምንታት በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል ያለው ልዩነት እንኳ 5 መሆኑ ቀርቶ 4 ይሆናል። ሳዑዲና ኤምሬትስ አይቀይሩም። አሜሪካ ውስጥም ሃዋይና አብዛኛው አሪዞና አይቀይርም፣ በአሪዞና ያለው የናቫሆ ክልል ግን ይቀይራል።

ኦፍሴትና ታይምዞን ምን ይለያቸዋል?

ኦፍሴት ቁጥር ነው፦ +3፣ -5። ታይምዞን ደግሞ የአንድ አካባቢ ሰዓት ታሪክና ደንብ ነው፤ መቼ ወደፊት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ በ1980ዎቹ ምን እንደነበር ጭምር። የታይምዞን ስም "አሜሪካ/ኒው ዮርክ" ወይም "አፍሪካ/አዲስ አበባ" ዓይነት ነው፣ ደንቦቹም አብዛኛው ሲስተም የሚጠቀምበት አያና የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጠዋል። እዚያ ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ ወደ ናይሮቢ የሚመራ ስም ሆና ታገኟታላችሁ። አትደንግጡ፣ ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ሰዓት አንድ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሠራ ሰው "+3 ብዬ ብመዘግብስ?" ይላል። ለአዲስ አበባ ይሠራል። ይህ መሥራቱ ነው የሚያሳስተው፤ ያንኑ ልማድ ይዞ ለዋሽንግተን ተጠቃሚ -5 ብሎ ሲመዘግብ ከማርች ጀምሮ ሁሉ ነገር በ1 ሰዓት ይዛነፋል። የተጠቃሚውን የዞን ስም መዝግቡ። ቁጥሩን የምትጠቀሙበት የሰዓት ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ለዚያ ቀን ያሰላዋል።

አይኤስቲ፣ ሲኤስቲ የሚሉትን ምህጻረ ቃላት መጠቀም እችላለሁ?

አትጠቀሙ። አይኤስቲ የህንድም፣ የእስራኤልም፣ የአየርላንድም ነው። ሲኤስቲ የቻይናም፣ የቺካጎም፣ የኩባም። እግረ መንገዳችሁን "ኢቲሲ/ጂኤምቲ+3" ከሚለው ስምም ራቁ፤ ምልክቱ የተገለበጠ ስለሆነ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ዞን ነው የሚሰጣችሁ። የኛን ዞን የሚሰጠው "ኢቲሲ/ጂኤምቲ-3" ነው። ይህን እያወቀ የሚሳሳት ብዙ ነው።

ዳታቤዝ ውስጥ በምን ዓይነት ፊልድ ላስቀምጠው?

የሆነ ነገር ያለፈበትን ቅጽበት ከሆነ የምትመዘግቡት (ክፍያ ተፈጸመ፣ መልእክት ተላከ፣ ሰው ገባ) በዩቲሲ አስቀምጡ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ "ታይምስታምፕ ዊዝ ታይምዞን" የሚባለውን ምረጡ። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ፣ ዞኑን አያስቀምጥም። የመጣለትን ወደ ዩቲሲ ቀይሮ ነው የሚይዘው፣ ስታወጡት ደግሞ በሴሽናችሁ ዞን ያሳያችኋል። ተጠቃሚው ያስገባበት ዞን ካስፈለጋችሁ ለብቻው ሌላ ኮለም ያስፈልጋል።

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ "ታይምስታምፕ" ወደ ዩቲሲ ይቀይራል፣ "ዴትታይም" ግን የሰጣችሁትን እንዳለ ይይዛል። የታይምስታምፕ ፊልዱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ያበቃል። የ20 ዓመት የቤት ብድር ወይም የረጅም ጊዜ መድን የሚመዘግብ ሲስተም ዛሬውኑ ይመታዋል።

ሁሉንም ነገር በዩቲሲ አስቀምጥ ይሉኛል። እውነት ነው?

ላለፈ ነገር አዎ። ለወደፊት ቀጠሮ ግን አይደለም፣ እና ይህን ምክር ሳያብራሩ የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ጉዳት እያደረሱ ይመስለኛል።

እንዲህ አስቡት። ዋሽንግተን ያለ ቤተ ክርስቲያን በየእሁዱ ቅዳሴውን 6:00 ላይ በቀጥታ ያስተላልፋል፣ እናንተ ማሳሰቢያ የሚልከውን አፕ ሠራችሁ። ፕሮግራሙ የተመዘገበው በጃንዋሪ ነውና ኮዳችሁ 6:00ን ወደ 11:00 ዩቲሲ ቀይሮ አስቀመጠው። ማርች 8 ደረሰ። ቅዳሴው እንደወትሮው 6:00 ላይ ተጀመረ። የናንተ ማሳሰቢያ ግን 11:00 ዩቲሲን ጠብቆ በዋሽንግተን 7:00 ላይ ደረሰ። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶችም እንደለመዱት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲከፍቱ አንድ ሰዓት አልፏል።

እዚህ ላይ ሰዎቹ የተስማሙት ስለ ቅጽበት አልነበረም። "በዋሽንግተን ሰዓት 6:00" ብለው ነው የተስማሙት። ስለዚህ ያንኑ አስቀምጡ፦ 6:00 የሚለውን እንዳለ፣ ከጎኑ "አሜሪካ/ኒው ዮርክ" የሚለውን የዞን ስም (ዋሽንግተንም በዚሁ ዞን ናት)። ለመፈለጊያና ለመደርደሪያ እንዲመች የዩቲሲውን ስሌት ጨምራችሁ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው፣ ግን ደንብ በተቀየረ ቁጥር እንደገና የሚሰላ ይሁን። ዋናው መረጃ የመጀመሪያው ነው።

ሰዓቱ በሚቀየርበት ሌሊት በትክክል ምን ይፈጠራል?

ኒው ዮርክ ላይ ማርች 8 ቀን 2026 ሌሊት 1:59 ካለ በኋላ ቀጥሎ 3:00 ይሆናል። 2:30 የሚባል ሰዓት በዚያ ቀን የለም። ተጠቃሚው በፎርም ላይ 2:30 ብሎ ቢሞላስ? የጃቫው ጃቫ.ታይም ወደ 3:30 ይገፋዋል። ፓይተን ምንም ሳይል ይቀበላችኋል፣ ችግሩ በኋላ ነው የሚወጣው።

ኖቬምበር 1 ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 1:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው 5:30 ዩቲሲ ነው፣ ሁለተኛው 6:30 ዩቲሲ። ለአዲስ አበባ አንዱ ከጠዋቱ 2:30፣ ሌላው ከጠዋቱ 3:30 ነው። ዞን ሳይጨምር "1:30" ብሎ የተጻፈ ሎግ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጃቫ ካልነገራችሁት የመጀመሪያውን ይወስዳል። ፓይተን "ፎልድ" የሚባል ምልክት አለው፣ 0 ከሆነ የመጀመሪያው፣ 1 ከሆነ ሁለተኛው።

ክሮን ጆቤ (በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚነሳው ሥራ) በዚያ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሠራ፣ ወይም ጭራሽ አልሠራም። ለምን?

ሰርቨሩ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሰዓት ስለተዋቀረ ነው። ሰርቨሩን ዩቲሲ አድርጉት። ሥራው የግድ በአካባቢው ሰዓት መሆን ካለበት ሰዓቱ ከሚዘለልበትና ከሚደገምበት ውጭ አድርጉት፣ ለምሳሌ 4:00። ደሞዝ የሚከፍል ወይም ሂሳብ የሚቆርጥ ጆብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢነሳም ሁለተኛው ምንም እንዳያደርግ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ይህ ከሰዓት ለውጥ ውጭም ያድናችኋል።

አንድ ቀን ለመጨመር 24 ሰዓት ብደምርስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ልዩነት የለውም። ሰዓት በሚቀየርበት አገር ግን በዓመት አንድ ቀን 23 ሰዓት፣ አንድ ቀን 25 ሰዓት ነው። "ነገ በዚሁ ሰዓት" ማለት ከፈለጋችሁ በላይብረሪው ቀን ጨምሩ። "ከ24 ሰዓት በኋላ" ማለት ከፈለጋችሁ በዩቲሲ ሰዓት ደምሩ።

ገንዘብ ሲገባበት ይከፋል። ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ፓርኪንግ ቅዳሜ 22:00 ገብቶ እሁድ 6:00 የሚወጣ ሠራተኛን አስቡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀንሳችሁ ካሰላችሁ ሁሌም 8 ሰዓት ይወጣል። በማርቹ ሌሊት በእውነት የሠራው 7 ነው፣ በኖቬምበሩ 9። ያቺን ዘጠነኛ ሰዓት የሚያስከፍለው መግቢያና መውጫውን ወደ ዩቲሲ ቀይሮ የሚቀንስ ኮድ ብቻ ነው። የሰው ላብ ነውና እዚህ ላይ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

የተጠቃሚው የልደት ቀን በአንድ ቀን ወደኋላ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ጃቫስክሪፕት ላይ "1990-05-12" ብላችሁ ቀን ብቻ ብትሰጡት የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ ያነበዋል። ሰዓት ጨምራችሁ ዞን ሳትጠቅሱ ብትሰጡት ደግሞ የአካባቢውን ሰዓት ነው የሚወስደው። ዋሽንግተን ያለ ብሮውዘር የዩቲሲን እኩለ ሌሊት ወደራሱ ሲቀይር ገና ሜይ 11 ምሽት ነው፣ እና 11 ብሎ ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሜይ 12 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ ትክክል ይመስላል። ባጉ እናንተ ጋ በፍጹም አይታይም፣ ተጠቃሚው ነው የሚነግራችሁ።

በእኛ በኩል የሚታየው ግልባጩ ነው። ተጠቃሚው አዲስ አበባ ሆኖ ከካላንደሩ ላይ 12ን ይመርጣል፣ ኮዱ የአካባቢውን እኩለ ሌሊት ይወስድና ወደ ዩቲሲ ጽሑፍ ይቀይረዋል፣ ያ ደግሞ የ11 ቀን 21:00 ነው። ሰርቨሩ ቀኑን ብቻ ቆርጦ 11 ብሎ ይመዘግባል። መፍትሔው አንድ ነው፦ የልደት ቀን ቅጽበት አይደለም። "ዴት" በሚባል ፊልድ ያዙት፣ ከዞን ጋር አታነካኩት።

ፓይተን ላይ ኒው ዮርክ -4:56 የሚል ኦፍሴት አገኘሁ። ይህ ከየት መጣ?

የድሮው ፓይቲዜድ ላይብረሪ ነው። ዞኑን በቀጥታ ለዴትታይም ስትሰጡት ከ1883 በፊት የነበረውን፣ በፀሐይ የሚለካውን የኒው ዮርክ ሰዓት ይሰጣችኋል። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ዞንኢንፎ አብሮ ስለሚመጣ ወደዚያ ተሻገሩ። የአሁኑን ሰዓት በዩቲሲ የሚሰጠውን "ዩቲሲናው" የሚባለውንም ተዉት፣ ከ3.12 ጀምሮ እንዳንጠቀምበት ተመክሯል፤ ምክንያቱም የሚመልሰው ሰዓት ዩቲሲ መሆኑን የሚናገር ምንም ምልክት የለውም።

የዕለቱ ሽያጭ ሪፖርት ከካሸሩ ሂሳብ ጋር ለምን አይገጥምም?

ቀኑን በዩቲሲ ስለምትቆርጡት። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠ ነገር ሁሉ በዩቲሲ ገና የትናንትናው ቀን ነው። ቀን ብቻ የሚሠራ ሱቅ ላያየው ይችላል፤ ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ የትራንስፖርት አፕ በየቀኑ ያየዋል። መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩ፣ ከዚያ ቀኑን ቁረጡ።

ወደ ኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር የምትቀይሩም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ዞን፣ ቀጥሎ ካላንደር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተፈጸመ ክፍያ የመስከረም 1 ቀን 2018 ነው። በዩቲሲው ቀን ከቀየራችሁት ግን ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ውስጥ ይገባል። ዓመቱም ተሳሳተ ማለት ነው።

የኛን የሰዓት አቆጣጠር እንዴት ላሳይ? ዞኑን ዩቲሲ-3 ባደርገውስ?

ይህን አቋራጭ የሚጠቀሙ አሉ። ከ+3 ላይ 6 ሲቀነስ -3 ይሆናልና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ይመጣል። ግን ያ የአርጀንቲና ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን የትናንት ያደርግባችኋል፣ ያ ሰዓት ተመልሶ እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ከተነበበ ደግሞ በ6 ሰዓት የተዛባ መዝገብ ይኖራችኋል። የኛ አቆጣጠር ዞን አይደለም፣ የአነባበብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚገባው የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ነው፦ የአዲስ አበባን ሰዓት ውሰዱ፣ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉት። 8:00 ወደ 2፣ 18:00 ወደ 12፣ 0:00 ወደ 6 ይሄዳል።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚለው ይግባበት። በላይብረሪዎች የአማርኛ ቅንብርም አትመኩ። ቋንቋውን አማርኛ ስታደርጉት "3:00 ከሰዓት" ብለው ይጽፋሉ፤ ቃሉ የኛ፣ ቁጥሩ የፈረንጅ። አንባቢው 9 ሰዓት ለማለት እንደሆነ በምን ያውቃል? አፓችሁ ውስጥ ሁለቱንም የሚያስመርጥ ቁልፍ አድርጉ፣ ውጭ አገር ያደገው ልጅ አንዱን፣ እናቱ ሌላውን ትመርጣለች።

"ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" የሚል ተጠቃሚ የትኛውን ቀን ማለቱ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት። ለኮምፒውተሩ ያ ረቡዕ 2:00 ነው። ለትኬትና ለቀጠሮ አፕ ይህ የአንድ ቀን ስህተት ነው፣ አንድ ሰው አውቶቡስ ያመልጠዋል። ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ለተመረጠ ማንኛውም ነገር ማረጋገጫው ላይ በግልጽ ጻፉለት፦ "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት"። ይህን አይቶ የሚደናገር ሰው የለም።

ተጠቃሚው ስልኩን በእጁ 6 ሰዓት ወደኋላ አዙሮታል። ምን ላድርግ?

ይህ እኛ አገር በብዛት አለ። ዞኑ አዲስ አበባ እንዳለ ሆኖ ሰዓቱን ብቻ ካዞረው ስልኩ የሚያውቀው ዩቲሲ ራሱ በ6 ሰዓት ተሳስቷል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ አይሠራለትም። ኢንተርኔት ሳይኖር መዝግቦ በኋላ የሚልክ አፕ ከሆነ መዝገቦቹ ተዘበራርቀው ይደርሳሉ።

ለገንዘብና ለቅደም ተከተል የስልኩን ሰዓት አትመኑ፣ የሰርቨሩን ውሰዱ። አፑ ሲገናኝ ሁለቱን ያወዳድርና ልዩነቱን አብሮ ይመዝግብ። ልዩነቱ ወደ 6 ሰዓት ከተጠጋ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተጠቃሚውን "ሰዓትህ ተሳስቷል" ከማለት በራሳችሁ አፕ ውስጥ የኢትዮጵያን ሰዓት አሳዩት፤ ስልኩን ያዞረው ያንን አጥቶ ነው።

አዲስ አበባ ተቀምጬ ይህን ሁሉ እንዴት ልፈትን?

ቴስቱን ስታስኬዱ የሲስተሙን ዞን ቀያይሩት። አንዴ በኒው ዮርክ፣ አንዴ በአዲስ አበባ፣ አንዴ ደግሞ በካትማንዱ አስኪዱት። ኔፓል +5:45 ስለሆነች ኦፍሴት ሁሌ ሙሉ ሰዓት ነው ብሎ የጻፈን ኮድ ወዲያው ታጋልጣለች። "አሁን" የሚለውን ሰዓት ኮዱ ራሱ ከሚጠራ ከውጭ ስጡት፣ ያኔ ማርች 8 እና ኖቬምበር 1ን እንደልብ መሞከር ይቻላል።

አንድ መንግሥት ደንቡን በድንገት ቢቀይር ኮዴ ምን ይሆናል?

የዞን ዳታችሁ ካልታደሰ ይሳሳታል፣ ይህ ደግሞ ሩቅ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። ሱዳን በኖቬምበር 2017፣ ደቡብ ሱዳን በፌብሩዋሪ 2021 ከ+3 ወደ +2 ተሻግረዋል። "ጎረቤት ነው፣ ሰዓታችን አንድ ነው" ብሎ +3ን ኮድ ውስጥ የቀበረ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጁባ የሚሰጠው ሰዓት ስህተት ነው። ግብፅ ትታው የነበረውን ዴይላይት ሴቪንግ በኤፕሪል 2023 መልሳ ጀመረች። ሊባኖስ በማርች 2023 ለውጡ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ ረመዳን መጨረሻ አዘዋወረችው፤ ግማሹ ተቋም አልቀበልም አለና አገሪቱ ለቀናት በሁለት ሰዓት ስትተዳደር ቆይታ ውሳኔው ተሻረ። የዞን ዳታቤዙም አንዴ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ተቀየረ።

ማደስ ሲባል አንድ ቦታ አይደለም። ሊኑክሱ የራሱ አለው፣ ጃቫ የራሱን ይዞ ይዞራል፣ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድም እንደዚያው። ማይኤስኪውኤል በእጅ የሚጫኑ ሠንጠረዦች አሉት፣ የዶከር (አፕን ከነመሥሪያው ጠቅልሎ የሚያስኬደው) ትንንሽ ኢሜጆች ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የትኛው የትኛውን እንደሚያነብ አንዴ ተቀምጣችሁ ዘርዝሩ፣ ማደሱን ከመደበኛው የሴኩሪቲ አፕዴት ጋር አያይዙት። ከታደሰ በኋላ ደግሞ የወደፊት ቀጠሮዎችን የዩቲሲ ስሌት እንደገና አስኪዱ፤ የአካባቢውን ሰዓትና የዞኑን ስም ካስቀመጣችሁ አንድ ስክሪፕት ይበቃል፣ ዩቲሲውን ብቻ ከያዛችሁ ግን ተጠቃሚውን ደውሎ ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም።